ከተማሪነት ወደ ነርስነት፦ የመጀመሪያው ዓመት በራሳችሁ ፊርማ

ተማሪ እያላችሁ ካርድ ላይ ስትጽፉ አጠገባችሁ ሌላ ሰው ይፈርም ነበር። ወይ ኢንስትራክተሩ፣ ወይ የዋርዱ (የተኝቶ ማከሚያው ክፍል) ነርስ። ብትሳሳቱ የሚይዛችሁ ዓይን ነበረ። አሁን የለም። የመጀመሪያ ዱቲያችሁ (ተረኛ ሥራችሁ) ላይ መድኃኒቱን ራሳችሁ ትበጠብጣላችሁ፣ ራሳችሁ ትሰጣላችሁ፣ ራሳችሁ ትፈርማላችሁ፤ ከእናንተ በኋላ ያንን ሲሪንጅ የሚያይ ሰው አይኖርም። እጅ ይፈጥናል፣ አትጨነቁ። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የምትቀር ቀጭን ቱቦ) ማስገባት በጥቂት ወራት ይለመዳል። በራሱ የማይመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ያላያችሁትን አለመጻፍ፣ ያላረጋገጣችሁትን አለመስጠት። እሱን ከመጀመሪያው ቀን ካልያዛችሁት በኋላ ለመመለስ በጣም ይከብዳል።

የምጽፈው እዚህ አገራችን በመንግሥትም ሆነ በግል ሆስፒታል ሥራ ለምትጀምሩ ነው። አንዳንዱን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሜ የተማርኩት ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። የጤና ባለሙያ ደግሞ በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የብቃት ምዘና አለበት፤ ያኛው የሙያ ፈቃድ የምታገኙበት ነው። በኮሌጅ ደረጃ የተማራችሁ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና) አለባችሁ። ለፈተናው ስትዘጋጁ በቴሌግራም የሚዞረውን የጥያቄ ክምር ሌሊቱን ሙሉ መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። አንድ ጥያቄ ያዙና መልሱ ለምን መልስ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ለጓደኛችሁ አስረዱ። «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሚያድነው ይህ ልምምድ ነው፣ ዋርድ ላይም እንደዚያው።

ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የፈተና ውጤት፣ የሙያ ፈቃድ፣ ፋይዳ፤ ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ስልካችሁም ኢሜይላችሁም ላይ አስቀምጡ።

«ፈቃዱ እስኪደርስ ሥራ ጀምሩ» የሚል የግል ክሊኒክ ያጋጥማችኋል። አትጀምሩ። ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፤ ቤተሰብ አራት ዓመት ጠብቋል። ግን ያለ ፈቃድ በሰጣችሁት መድኃኒት አንድ ሰው ቢጎዳ ክሊኒኩ አያውቃችሁም። የሐሰት የሥራ ልምድ ወረቀትም አትግዙ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርታችኋል የሚል ካለ፣ ሁለት ዓመት እንደሠራ ሰው ብቻችሁን ሌሊት ይመድቧችኋል።

2. ውል ስትፈርሙ

ይህን አጠር ላድርገው። የግል ሆስፒታል ከሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀናት አያንስም። ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውን ውሰዱ። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን «በመያዣ» አስቀምጡ ቢሏችሁ ፎቶ ኮፒ ስጡ እንጂ ኦሪጅናሉን አትስጡ። የራሳችሁ ትንሽ ደብተር ላይ ደግሞ የሠራችሁትን እያንዳንዱን የትርፍ ሰዓት ዱቲ ቀንና ሰዓት ጻፉ። እኔ አንድ ቦታ ስሠራ የወራት የዱቲ ክፍያ ሲጠፋ ያስመለሰልኝ ደብተሬ ነው።

ምርጫ ከተሰጣችሁ በሜዲካል (የውስጥ ደዌ) ወይም በሰርጂካል (የቀዶ ሕክምና) ዋርድ ጀምሩ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ስሙ ይማርካል። ግን ጤናማ ትንፋሽና ጤናማ ያልሆነ ትንፋሽ በዓይን መለየት የሚለመደው ብዙ ሰው በሚታይበት ዋርድ ነው ብዬ አምናለሁ።

3. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ዕቃው የት ነው?

መጀመሪያ የምትማሩት በሽታ ሳይሆን ዕቃ ይሁን። ክራሽ ካርቱ (የድንገተኛ መድኃኒትና ዕቃ ጋሪው) የት ነው? አድሬናሊን የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው? አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው) ማስክ አለው? ጭመቁት፣ አየር ይወጣል? ሳክሽኑ (መምጠጫው) ይሠራል? የላሪንጎስኮፑ (የጉሮሮ ማያው) መብራት ይበራል ወይስ ባትሪው አልቋል? 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ስንት ፍሬ ቀርቷል? ይህንን ዱቲ በገባችሁ ቁጥር አድርጉ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ኦክሲጅኑ በሲሊንደር ከሆነ የጌጁን (የመለኪያውን) ቀስት አንብቡ። ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ሌላ ሲሊንደር ማስመጣት ያለባችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁልፍ ያዡ አይገኝም። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ባትሪ መብራት ይኑር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ደቂቃ ረጅም ናት፣ በስልክ መብራት ካኑላ መያዝ ደግሞ አንድ እጅ ያሳጣል።

ሰዎቹን ተዋወቁ። የጽዳት ሠራተኞቹን፣ ፖርተሩን፣ ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ፣ የላቦራቶሪ ተረኛውን፣ ዘበኛውን። በስማቸው ጥሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ብዙዎቻችሁ ዲግሪ ይዛችሁ ስትገቡ ዋርዱ ላይ በዲፕሎማ 20 ዓመት የሠራች ሲስተር ታገኛላችሁ። ደመወዛችሁ ከእሷ ሊበልጥ ይችላል፣ እሷም ታውቃለች። «እኛ የተማርነው እንደዚህ ነው» እያላችሁ አትጀምሩ። አጠገቧ ቁሙ። በር ላይ ቆማ አልጋዎቹን አንድ ጊዜ ቃኝታ «የ11ኛውን ሰውዬ እዩት፣ ፊቱ ደስ አላለኝም» ስትል ሄዳችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ፊቱ ላይ ምን አይታ እንደሆነ ጠይቋት። ትነግራችኋለች። የምታደርገው ነገር ትክክል ካልመሰላችሁ ደግሞ ለብቻዋ፣ በጥያቄ አድርጋችሁ አንሱት፤ ታካሚ ላይ አደጋ ካለው ግን እዚያው በዚያው፣ በትሕትና።

4. ርክክብ በወንበር አይደረግም

ነርስ ስቴሽን ተቀምጦ «ሁሉም ስቴብል ናቸው፣ ደህና እደሩ» የሚባል ርክክብ አትቀበሉ። ተነሡ፣ አልጋ ለአልጋ ዙሩ። ሰውየውን እዩ፣ ካኑላውን ንኩ፤ አብጧል? ቀልቷል? ጉሉኮሱ ስንት ቀርቷል? ካቴተሩ ውስጥ ሽንት አለ፣ ከለሩስ? ድሬኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ስንት አወጣ? የመጨረሻው መድኃኒት ስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ያልተሰጠስ የትኛው ነው? ውጤቱ ያልመጣ ላቦራቶሪ አለ? ዛሬ ማታ የሚጠራው ሐኪም ማነው፣ ስልኩስ?

አስረካቢዋ ትቸኩላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው፣ ታክሲ ሰልፍ ይጠብቃታል። ቢሆንም ቢያንስ በጣም የታመሙትን ሁለት ሦስት ሰዎች አብራችሁ ሳትቆሙ አትልቀቋት። ከፈረማችሁ በኋላ ያበጠው ክንድ የእናንተ ነው።

ኪሳችሁ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይኑር። የአልጋ ቁጥር፣ ስም፣ በሽታው፣ ዋናው ስጋት፣ በሰዓት የሚሠራ ሥራ። ስትሠሩ ሰርዙ። ጭንቅላት ላይ አትተማመኑ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይደክማል።

5. ቫይታል ሳይን፦ ትንፋሽን ቁጠሩ

ቫይታል ሳይን ማለት ግፊት፣ ሙቀት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

የማንኛውንም ዋርድ ቻርት ክፈቱና የትንፋሽ ዓምዱን ወደ ታች አንብቡ። 20፣ 20፣ 22፣ 20፣ 20። ሠላሳ ሰው ሁሉ 20 ይተነፍሳል? ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። የደም ግፊት ማሽኑ ይሰጣል፣ ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ይሰጣል፣ ትንፋሽ ግን ሰው ቆሞ ካልቆጠረ የሚነግረው ማሽን አብዛኛው ዋርድ ላይ የለም። እና የሚያሳዝነው፣ ሰው ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው። ግፊቱ ገና 110 ላይ እያለ ትንፋሹ 28 ሆኗል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። የእጅ አንጓውን ይዛችሁ የልብ ምት ቁጠሩ። ጨርሳችሁ እጁን አትልቀቁ። ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ ዓይናችሁን ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ አውርዱና ሙሉ 60 ሰከንድ ትንፋሽ ቁጠሩ። «ትንፋሽ ልቆጥርብዎ ነው» ካላችሁ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 ደህና ነው። ከ25 በላይ ከሆነ እንደገና ቁጠሩ፣ ከዚያ ለሐኪም ተናገሩ። ሕፃን ከሆነ እያለቀሰ አትቁጠሩ፤ እናቱ ጡት ታጥባው፣ ይረጋጋ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጉ።

ጊዜ የለም ትላላችሁ። አንድ ነርስ ለሠላሳ አልጋ የሚቆምበት ሌሊት እንዳለ አውቃለሁ፣ ቆሜበታለሁ። ሁሉንም መቁጠር ካልቻላችሁ በጣም የሚያሰጉትን ሰባት ስምንት ሰዎች በትክክል ቁጠሩ፣ የቀሩትን ደግሞ ዓምዱን ባዶ ተዉት። ባዶ ዓምድ አልተለካም ይላል። 20 የሚለው ግን ደህና ነው ይላል፣ ጠዋት ራውንድ የሚያደርገው ሐኪም ያንን አንብቦ ያልፈዋል። ባዶ በመተዋችሁ ይቆጧችሁ ይሆናል። ይቆጡ፤ የሰው እጥረቱንም ያኔ ንገሩ።

ሽንትም ያው ነው። አዋቂ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ መሽናት አለበት። ከረጢቱን በዓይን አይታችሁ «በቂ ነው» አትበሉ። አፍስሱና ለኩ።

6. መድኃኒት

ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ይህንን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ አገር ላይ የት የት እንደሚሳት ልንገራችሁ።

*ሰውየው።* «ወይዘሮ አልማዝ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ከገጠር የመጡ እናት ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው በአክብሮት «አዎ ልጄ» ይላሉ፣ ስማቸው ሌላ ቢሆንም። «እናቴ፣ ስምዎን ማን ልበል? የአባትዎንስ? የአያትዎንስ?» በሉ። ከካርዱ ጋር አመሳክሩ፣ የካርድ ቁጥሩንም። አንድ ዋርድ ላይ ሁለት አልማዝ ከበደ ብርቅ አይደለም፣ በአያት ስም ነው የሚለዩት። ቋንቋ ካልተግባባችሁ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ በምትሠሩበት አካባቢ ቋንቋ ደግሞ አሥር ዓረፍተ ነገር ተማሩ። ኦሮሚያ ከሄዳችሁ «ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?» ብላችሁ የት እንደሚያማቸው ስትጠይቋቸው የሚበራውን ፊት ታያላችሁ።

*ሰዓቱ።* ይህ የእኛው ጣጣ ነው። ሐኪሙ «8:00» ብሎ ይጽፋል። የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 8? አንዱ በፈረንጅ አንዱ በአበሻ ሲቆጥር መድኃኒት ስድስት ሰዓት ይዘገያል ወይም ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ዋርዳችሁ የቱን እንደሚጠቀም በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ እናንተ ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን ጨምሩበት።

*ዘመኑ።* መድኃኒት ስቶክ ላይ ሲጠፋ አስታማሚ ከውጭ ገዝቶ ያመጣል። የሚያመጣውን ስሙን፣ ጥንካሬውን፣ ማብቂያውን አንብቡ። ማብቂያው በፈረንጅ ዘመን ነው የተጻፈው። 2024 የሚል ጥቅል የእኛን 2018 ለለመደ ዓይን ገና ስድስት ዓመት የቀረው ይመስላል፣ ጊዜው ግን አልፏል።

*ስሌቱ።* በወረቀት ሥሩ፣ በጭንቅላት አይሁን። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ከተባለ በሰዓት 125 ነው። የፈሳሹ ቱቦ (አይቪ ሴቱ) በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ 125 ሲባዛ በ20 ሲካፈል ለ60፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ጠብታ የሚጥለው ቱቦ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥቅሉ ላይ ተጽፏል። ለሕፃን ደግሞ፦ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ ነው) ታዞለት ከሆነ 600 ሚሊ ግራም ነው። አንዱን ግራም በጠቅላላው 10 ሚሊ ሊትር ካደረጋችሁት 1 ሚሊ ሊትሩ 100 ይይዛል፣ ስለዚህ 6 ሚሊ ሊትር። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው መልሱን ሳትነግሩ ጥያቄውን ብቻ ስጡት። ሁለታችሁም 6 ካላችሁ ስጡ።

እነዚህን ደግሞ አትርሱ፦

- ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ ወደ ደም ሥር በሲሪንጅ አይገፋም። በፍጹም። ልብ ያቆማል። በፈሳሽ ይበረዛል፣ ከረጢቱ በደንብ ይገለባበጣል፣ በዝግታ ይንጠባጠባል።
- ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ፣ ከሪንገር ላክቴት ጋር በአንድ መስመር አይገናኝም፤ ከካልሲየሙ ጋር ዝቃጭ ይሠራል። አዋቂ ላይ መስመሩን በኖርማል ሳላይን አጥባችሁ ቆይታችሁ ስጡ። ዕድሜው 28 ቀን ያልሞላ ጨቅላ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ እየወሰደ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን አይሰጠውም፣ ሐኪሙን ጥሩ።
- ማግኒዚየም ሰልፌት (የእርግዝና ማንቀጥቀጥ መድኃኒት) ለነፍሰ ጡር ስትደግሙ መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ፦ የጉልበት ሪፍሌክስ አለ? ትንፋሽ 16 ወይም ከዚያ በላይ ነው? ሽንት በሰዓት 30 ደርሷል? አንዱ ከጎደለ አትስጡ፣ ጥሩ። ማርከሻው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ እዚያው አጠገባችሁ ይሁን።
- ደም ስትሰጡ ሁለት ሰው ሆናችሁ አልጋው ጋ አመሳክሩ፣ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አጠገቡ ቁሙ። ብርድ፣ ማሳከክ፣ የወገብ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ደሙን አቁሙ፣ ቱቦውን ቀይራችሁ በሳላይን መስመሩን ክፍት አድርጉ፣ ሐኪም ጥሩ።

ኢንሱሊንን ለብቻው ያቆየሁት ታሪክ ስላለኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ዓርብ ጠዋት ነበር። አንዲት እናት የጠዋት ኢንሱሊናቸውን ሰጠኋቸው። መጠኑን አረጋገጥኩ፣ ስማቸውን ጠየቅኩ፣ ሁሉም ልክ ነበር። የቁርስ ሳህኑም አጠገባቸው ነበር፤ ከላይ በሌላ ሳህን ተከድኖ። አልከፈትኩትም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ልጃቸው መጥታ «ሲስተር፣ እናቴ የማይገባ ነገር እያወሩ ነው» አለችኝ። ስሄድ ነጠላቸው በላብ ርሷል፣ ዓይናቸው ያየኛል ግን አያውቀኝም። ስኳራቸው 41፣ በጣም ወርዷል። ጾም ነበሩ፣ እስከ 9 ሰዓት ሊያቆዩት፤ ሐኪምም ነርስም እንዳይቆጣቸው ብለው ዝም አሉ። 40 ፐርሰንት ግሉኮሱን ሁለት ፍሬ በደም ሥር ሰጠናቸው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስሜን ጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሱሊን ይዤ ስቀርብ መጀመሪያ የምለው «እናቴ፣ ጾም ነዎት ወይስ በሉ?» ነው። ረመዳንም ላይ እንዲሁ። ጠበል ይጠጡ እንደሆነም ጠይቁ፣ መድኃኒቱን ለጠበሉ ትተውት እንደሆነም። ሳትቆጡ ከጠየቃችሁ እውነቱን ይነግሯችኋል፤ ከተቆጣችሁ ሳህኑ ይከደናል።

7. ካኑላ

አጭር ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሩ፣ ሦስተኛውን ሌላ ሰው ጥሩ። አሳፋሪ አይደለም። ለሚደማ ሰው አረንጓዴው 18 ወይም ግራጫው 16፣ ለተለመደው ፈሳሽ ሮዙ 20 ወይም ሰማያዊው 22፣ ለጨቅላ ቢጫው 24። ጓንት ቀድዳችሁ ክንድ ካሰራችሁ ሳትፈቱት አትሂዱ፤ እጅጌ ሥር ተረስቶ የሚያድር ጓንት አይቻለሁ።

8. ሌሊት ሐኪም ስትጠሩ

ሁሉም አዲስ ነርስ ይፈራል። ተረኛው ተኝቶ ነው፣ ይቆጣ ይሆናል፣ «ለዚህ ነው የቀሰቀሽኝ?» ይላል። ይበል። ከመደወላችሁ በፊት ካርዱን እጃችሁ ላይ ያዙ፣ ቫይታሉን አሁን ለኩ፣ ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፤ ከየት እንደምትደውሉና ምን እንደሆነ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ያያችሁት ምን እንደሆነ፣ ከእሱ ምን እንደምትፈልጉ።

«ዶክተር፣ ከሰርጂካል ዋርድ ነው፣ አልጋ 7። ትናንት የአንጀት ኦፕራሲዮን የተሠራላቸው የ60 ዓመት አባት ናቸው። ግፊታቸው ማታ 120 በ80 ነበር፣ አሁን 85 በ50 ነው። ልብ ምት 128፣ ትንፋሽ 30 ቆጥሬያለሁ። ላለፉት 4 ሰዓታት የሸኑት 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ውስጥ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ ነው። እስኪመጡ ፈሳሽ ልጀምር?»

ይህን የሰማ ሐኪም ይነሣል። «ዶክተር፣ የ7ቱ ሰውዬ ደህና አይደሉም» ብትሉት ግን «ተከታተዪው» ብሎ ይዘጋል። በስልክ ያዘዘውን እየሰማችሁ ጻፉ፣ መልሳችሁ አንብቡለት፣ ሲመጣ አስፈርሙት። ካልመጣ ድጋሚ ደውሉ። አሁንም ካልመጣ ወደ ሲኒየሩ፣ ወደ ሱፐርቫይዘሯ። የደወላችሁበትን ሰዓት ሁሉ ካርዱ ላይ መዝግቡ።

9. ስትሳሳቱ

ትሳሳታላችሁ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን እዩ፣ ቫይታል ለኩ። ቀጥሎ ለሐኪሙና ለዋርድ ኃላፊዋ ተናገሩ፣ ወዲያውኑ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ለ9ኛው የታዘዘውን ለ6ኛው ሰጥቻለሁ።» ከዚያ የሆነውን ጻፉ። ካርድ ላይ የተሳሳተ ነገር ከጻፋችሁ በነጭ ቀለም አትደምስሱት፣ ወረቀቱንም አትቅደዱ። በአንድ መስመር ሰርዙት፣ ፈርሙበት፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ። እኔ ያንን ዓርብ ለሐኪሙ «ሳልጠይቃቸው ሰጠሁ» ብዬ ስናገር ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቆጣኝ፣ ጻፍኩት፣ የዋርድ ኃላፊያችን በማግስቱ ኢንሱሊን ከመሰጠቱ በፊት ምግብ ይጠየቅ የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

10. መርፌ ሲወጋችሁ

ያገለገለ መርፌ ክዳኑን አትመልሱበት። ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ። ቦክሱ ከሦስት አራተኛ በላይ ከሞላ ቀይሩት እንጂ በእጅ አትጠቅጥቁት። ሥራ ሳትጀምሩ ወይም እንደጀመራችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውሰዱ፣ ሦስቱንም ዙር።

ቢወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትጭመቁት። ወዲያው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ የሚወሰደውም 28 ቀን ሙሉ ነው። ብዙ ልጆች አፍረው ይደብቁታል፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው። እባካችሁ አትደብቁ። ዱቲ ላይ ብትሆኑም ሥራውን ለሰው ሰጥታችሁ ሂዱ።

11. የመጀመሪያው ሞት

ትምህርት ቤት ላይ የአስከሬን አያያዝ አንድ ገጽ ነበር። እውነቱ ከዚያ ይሰፋል። መጋረጃውን ሳቡ። ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ ካኑላውን፣ ቱቦውን አውጡ፣ ዓይን ክደኑ፣ አገጭ እሰሩ፣ ገላውን ጥረጉ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሰው እንደምትነኩ። ለቤተሰብ ሲነገር ዘመድ መሃል ረጋ ያለ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ ለሐኪሙ ጠቁሙት፤ እናት ወይም ሚስት ኮሪደር ላይ ብቻዋን ቆማ አትስማ። ልቅሶው ይነሣል፣ ወለል ላይ ይወድቃሉ። አትገሥጿቸው። ወንበር፣ ውኃ፣ ዞር ያለ ክፍል ካለ ክፍል። ሌሎቹ ታማሚዎችም ሰምተዋልና በኋላ ዞር ዞር እያላችሁ አናግሯቸው፣ በተለይ አጠገቡ የነበረውን።

ከዚያ ለራሳችሁ አሥር ደቂቃ ውሰዱ። አልቅሱ፣ ካለቀሳችሁ። 20 ዓመት የሠራችው ሲስተር ሻይ ታፈላላችኋለች።

12. ከመውጣታችሁ በፊት

ጋውኑን ሳታወልቁ በጣም የታመመው ሰው ጋ አንድ ጊዜ ተመለሱ። ያስረከባችሁትና ያለበት ሁኔታ አንድ ነው? የኪሳችሁን ወረቀት አውጡ፣ ያልተሰረዘ መስመር ካለ ወይ ሥሩት ወይ አስረክቡት። የሰጣችሁትን ሁሉ ፈርማችኋል? ያልሰጣችሁትንስ ለምን እንዳልሰጣችሁ ጽፋችኋል? እጃችሁን እስከ ክርን ታጠቡ፣ ብሉ፣ ሂዱ።

ታክሲ ውስጥ ወይም ቤት ደርሳችሁ የሆነ ነገር ትዝ ይላችኋል፤ የ4ኛዋ ላቦራቶሪ እንደሚመጣ አልነገርኩም፣ የልጁን ፈሳሽ ሳልቀንስ ወጣሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይሆናል። ይነጋል ብላችሁ አትተኙበት። የዋርዱን ስልክ ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ያዙ፣ ደውሉ፣ ለተረኛዋ ንገሯት፣ ስትደግምላችሁ ስሙ። ከዚያ ተኙ።